ከሱሉልታ ቁልቁለት እስከ ሳጥን ቆጠራ፦ የአዲስ አይሱዙ ሹፌሮች ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ፣ ለስላሳና ዱቄት ለማከፋፈል ገና መሪ ከጨበጡ ሹፌሮች ከደረሱን ጥያቄዎች ጥቂቶቹን መርጠናል።

«በነጠላ ጫማ መንዳት ችግር አለው?»

አለው። ፔዳል ሥር ይወሸቃል።

ከሱሉልታ ውኃ ጭኖ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርድ ናፍጣ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ የሚያደርግ ሹፌር፣ ረዳቱ «ፈሪ ስለሆነ» ይነዘንዘኛል ይላል።

ረዳትህን ስማው። ሲጀመር ቁጠባ የሚባል ነገር የለም። ማርሽ እንደገባ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ ፓምፑ ናፍጣ መስጠት ያቆማል። ዜሮ ካደረግከው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል።

ከዚያ ወዲያ ያን ሁሉ ጭነት የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። የፍሬኑ ሸራና ሸራው የሚፋተግበት ታምቡር ይግላሉ፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ሰፍነግ እንደረገጥክ ይሰምጣል። ሞተር አጥፍቶ መንሸራተትማ ጭራሽ አይታሰብም። የኤንፒአር (የአይሱዙ ጭነት መኪና ሞዴል) ፍሬን አጋዥ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ስለሆነ፣ አንድ ሁለቴ ከረገጥክ በኋላ ፔዳሉ ድርቅ ይልብሃል።

ማርሽ መቀነስ ያለብህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ጭነህ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ኤግዞስት ፍሬኑን (የጭስ መውጫውን አፍኖ ሞተሩን የሚያዘገየውን) አብራው፤ እግርህ ፍሪሲዮን ወይም ነዳጅ ላይ እስካለ ግን አይሠራልህም። ፍጥነቱ ሲያይል ጠንከር አድርገህ ረግጠህ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ቀንስና ሙሉ በሙሉ ልቀቀው። ሸራ የሚያቃጥለው ፔዳሉን እየደባበሱ መውረድ ነው። ሽታ ከመጣ ዳር ይዘህ ቁም፣ ታኮ አድርግ፣ እስኪበርድ ጠብቅ። ውኃ አትድፋበት፤ የጋለ ታምቡር ይሰነጠቃል። ከበረደ በኋላም ፔዳሉ ከሰመጠ መካኒክ ሳያየው አትንቀሳቀስ። «ይቺን ብቻ አድርሼ» ብሎ ነገር የለም።

«የእጅ ፍሬን ይዤ የኋላ ጎማ ስፈታ መኪናው ተንሸራተተብኝ» ለሚለው፦

የኤንፒአር የእጅ ፍሬን ጎማውን አይዝም፤ የሚይዘው ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ ነው። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሳ፣ በዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች በሚያካፍለው ማርሽ) ምክንያት የተነሳው ጎማ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ መሬት ላይ ያለው ወደ ሌላው መዞር ይችላሉ። ስለዚህ ሜዳ ቦታ ፈልግ፤ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስይዝ፤ ክሪክ ከዚያ በኋላ። በቆዩት አይሱዙዎች ደግሞ የግራ ጎማ ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ሳታጣራ ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተህ ከታገልከው ቡሎኑን ትቆርጠዋለህ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድክ በኋላም ዳዶዎቹን ደግመህ አጥብቅ።

ማታ ማታ የለስላሳ ሳጥን እየጎደለበት ከደመወዙ የሚቆረጥበት ወንድማችን ደግሞ «ማን እንደሚሰርቀኝ አላውቅም» ይላል።

ሌባ ከመፈለግህ በፊት ሲጫን የት ነበርክ? ጋቢና ውስጥ ተኝተህ ከሆነ መልሱ እዚያው ነው። ጫኝና አውራጆቹ እየደረደሩ ሳሉ ረድፉን በረድፍ፣ ከዚያ በከፍታው አባዛ፤ ካሶኒው ከሞላና ስፖንዳው ከተዘጋ በኋላ መሀሉን ማየት አትችልም። መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫን፤ አለዚያ በየሱቁ ሳጥን ስታገላብጥ ቁጥሩ ይጠፋሃል። በእያንዳንዱ ደንበኛ ሦስት ቁጥር ጻፍ፦ የወረደ ሙሉ፣ የተመለሰ ባዶ፣ የቀረ ባዶ፤ ሳያስፈርሙ መውጣት የለም። ባዶ ስትረከብ የላይኛውን ብቻ አትይ፤ አፉ የተሸረፈ ጠርሙስና ያልሞላ ሳጥን የሚደበቀው ከሥር ነው። የደመወዝ ቆረጣውን ሕግ አዋቂ ጠይቅ።

«ወገቤን ያመኛል፤ ሰሞኑን ቀኝ እግሬ ይደነዝዘኛል፤ ወጌሻ ልሂድ?»

አትሂድ። ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ እስክትታይም መሪ አትያዝ። ቀኝ እግርህ ፍሬን የምትረግጥበት ነው። መቀመጫህና ብልትህ አካባቢ ከደነዘዘህ ወይም ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ።

አንድ ባለንብረት ደግሞ ሹፌራቸው 70 ኩንታል አልጭንም ብሎ እንዳስቸገራቸው ጽፈዋል።

ሊብሬውን ከፍተው የመጫን አቅሙን ያንብቡ። 70 ኩንታል 7,000 ኪሎ ነው። ከተጻፈው የሚበልጥ ከሆነ ይቅርታ የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት።