ቀጠሮ ለምትጠብቅ ልጅ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልዲያና በየገጠር ወረዳው በማኅበራዊ ሥራና በሥነ ልቦና ሙያ ለተመደባችሁ ወጣቶች፤

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደጋግሞ ወደ ሐሳቤ የሚመጣውን አንድ ጉዳይ ልጻፍላችሁ። ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰበት ሕፃን ጋር ስትቀመጡ ከትምህርት ቤት ይዛችሁት ከመጣችሁት ስልት ሁሉ በፊት የሚፈለግባችሁ፣ እመጣለሁ ባላችሁበት ቀንና ሰዓት መገኘት ነው። ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው።

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሐሙስ ሐሙስ እናቷ ታመጣልኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። መጠየቁን ትቼ ምንጣፉ ላይ አብሬያት ተቀመጥሁና ቅልልቦሽ መጫወት ጀመርን። በአራተኛው ሐሙስ የወረወርሁት ጠጠር ከእጄ አምልጦ ሲንከባለል ቀና ብላ አየችኝና «አንቱ አይችሉበትም» አለችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ፍየላቸው፣ ሌሊት ስለሚያባንናት ሕልም በጥቂት በጥቂቱ ታወራኝ ጀመር። በሰባተኛው ሳምንት ግን ለሥልጠና አዲስ አበባ ተጠራሁና (አበሉም አልከፋም ነበር፣ አልዋሽም) ለልጅቷ ሳልነግራት ሄድሁ። እናቷ እንደነገረችኝ፣ ጠጠሮቿን ጨብጣ ቢሮው እስኪዘጋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ስመለስ ዝምታዋ ተመልሶ ጠበቀኝ፤ ለመመለስም ሁለት ወር ፈጀብን። የበደላት ቤተሰቡ የሚያምነው፣ እሷም የምታምነው ሰው ነበርና፣ ቃሉን የሚያጥፍ አዋቂ ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም።

አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዳዩ የማይታወቅ መንገደኛ ሳይሆን ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የቤት ሰው ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሕፃኑ ዘግይቶ ቢናገር፣ ከተናገረም በኋላ «ዋሽቼ ነው» ቢል፣ አልጋ ላይ መሽናት ቢጀምር ወይም ምንም እንዳልሆነ ሰው ቢጫወት አትደነቁ። የሐኪሙ ማስረጃ «ምልክት አልተገኘም» ማለቱም ጥቃት አልደረሰም ማለት አይደለም፤ በብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ ምልክት አይገኝምና፣ ይህን ለእናቲቱም ለመርማሪ ፖሊሱም በትዕግሥት ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው።

ጉዳዩ በቶሎ ከደረሳችሁ ግን ሰዓቱን ቁጠሩ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀን መወሰድ አለበት፤ የወር አበባ ላየች ልጅ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፣ በፈጠነ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል። የኤች አይ ቪው ክኒን ሲያቅለሸልሻት፣ እናቲቱም ከጎረቤት ዓይን ለመሸሸግ ስትል ስታስተጓጉል በመካከል ይቋረጣል፤ እነዚያን 28 ቀናት ከቤተሰቡ ጋር የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

ደግሞ ደጋግማችሁ አታስተርኩ። ልጅቱ ለአክስቷ፣ ለመምህሯ፣ ለፖሊስ፣ ለነርስና ለዐቃቤ ሕግ የተናገረችውን ለእናንተ ለስድስተኛ ጊዜ እንድትደግም ማድረግ ሕክምና አይደለም፤ ለምርመራ የሚያስፈልገው ቃል በሠለጠነ ሰው አንድ ጊዜ በደንብ ይወሰድ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ። ለማን እንደምትነግሩና ስለምን እንደምትነግሩ አስቀድማችሁ፣ በሚገባት ቋንቋ ንገሯት።

በእኛ በወሎ ያዘነ ሰው «አብሽር» ይባላል። ከዚህ የተሻለ የማጽናኛ ቃል አላውቅም። ሆኖም ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ «አብሽሪ፣ ይኼን ነገር ግን ከእንግዲህ አታንሺው» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜ አብሽሪ መክደኛ ይሆናል። ገመና መሸፈን የሚባለው ነገር ልጅቷን የሚጠብቅ ይመስላል፤ የሚጠብቀው ግን በዳዩን ነው። ወንዶች ልጆችም ጥቃት ይደርስባቸዋል፤ ለእነሱ አፍ ማስያዣው «አንተ ወንድ አይደለህም ወይ» የሚለው ነው።

ሽማግሌዎችም ይመጣሉ፤ ነገሩ በካሣ ወይም በጋብቻ ይጨረስ ይላሉ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 መሠረት ወንድ ከ13 ዓመት በታች በሆነች ሴት ልጅ ላይ የሚፈጽመው የግብረ ሥጋ ጥቃት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት እንደሚያስቀጣና በእርቅ የሚቀር ክስ እንዳልሆነ በአክብሮት፣ ግን ሳታመነቱ ንገሯቸው። አባቶችን አታዋርዱ። እኔ ሌላ ሥራ እሰጣቸው ነበር፤ ልጅቷን ትምህርት ቤት ስትሄድ በመንገድ የሚያስፈራራት እንዳይኖር አባቶች ይዩልኝ እላለሁ። የተስማሙም ነበሩ፤ ተቆጥተው የወጡም ነበሩ።

ከልጅቷ ይልቅ ለእናቷ የበለጠ ጊዜ ስጡ። ራሷን የምትወቅስ እናት ሌሊት ለምትባንን ልጅ ልትደርስላት አትችልም። ቀጠሮውንም ከእናቲቱ ኑሮ ጋር አስማሙት። የእኔዋ ልጅ እናት ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬ ትሸጥ ስለነበር፣ ሰኞ ቀጥሬያት ሁለት ጊዜ ቀረች። ግድ የላትም ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍሁባት፤ በኋላ ሐሙስ አድርጌው አንድም ቀን አልቀረችም።