መልስ፦ ህንጻው ፕላስቲክ መሰለብኝ ላልከው
ወንድሜ «የአፍሪካ አዳራሽን በብሌንደር (የ3ዲ መስሪያ ፕሮግራም) ሰርቼ የአንድ ደቂቃ ፊልም ላወጣለት ነበር ግን ፕላስቲክ መሰለ፣ ግራፊክስ ካርድ ልቀይር ወይ» ላልከው፣ ኧረ ብርህን አታውጣ ችግሩ ካርዱ አይደለም። መጀመሪያ የደረጃውን ጠርዝ አጉልተህ እየው፣ ምላጭ ነው አይደል? እውነተኛ ድንጋይ እንደዛ ሹል አይሆንም፣ ትንሽዬ ቤቭል ስጠውና (ጠርዙን ትንሽ ማለዘብ ማለት ነው) ብርሃኑ ጠርዙ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ሲያርፍ ታያለህ፣ ወለሉ ላይም ራፍነስ ማፕ (የቱ ቦታ እንደሚያበራ የቱ እንደሚደበዝዝ የሚወስን ምስል) ጨምር ምክንያቱም ሰው የሚመላለስበት መሀሉና ጥጉ እኩል አያበራም።

ዋናው ግን አዳራሹ ውስጥ ያለው የሰዓሊው አፈወርቅ ተክሌ መስታወት ነው!! 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ይዘህ ቀለሙ ወለሉ ላይ ካልፈሰሰ ምኑን ሰራኸው። ሳይክልስ (የብሌንደር ምስል ማውጫ) ላይ ግላስ ሼደር (ዕቃውን መስታወት የሚያስመስለው ቅንብር) ብቻ ካደረክ ጥላው ጥቁር ይወጣብሃል፣ ስለዚህ በላይት ፓዝ ኖድ (የብርሃን ጨረሩን አይነት የሚለይ ሳጥን) ለሻዶው ሬይ፣ ማለትም ጥላ ለሚያሰላው ጨረር፣ ባለቀለም ትራንስፓረንት (ብርሃን አሳላፊ) እንዲሆን አድርገው፣ እኔ ይቺን እስካገኝ ሁለት ሳምንት ለፍቻለሁ። ፀሀይዋን ዝቅ አድርጋትና ቀስ ብላ ትንቀሳቀስ፣ ካሜራውን ደግሞ ሰው አይን ከፍታ ላይ አድርገው፣ 1.60 ሜትር አካባቢ፣ እንደ ድሮን አታብርረው በናትህ።

ሬንደር ስታደርግ (ምስሉን አስልቶ ሲያወጣልህ) በቀጥታ ቪዲዮ አታውጣ። በሰከንድ 24 ፍሬም (ምስል) ከሆነ አንድ ደቂቃ 1440 ምስል ነው፣ አንዱ 5 ደቂቃ ከፈጀብህ 120 ሰአት ማለት ነው፣ በፒኤንጂ (የምስል ፋይል አይነት) አንድ በአንድ ካስቀመጥከው ግን መብራት ቢሄድም ከቆመበት ትቀጥላለህ። የመስታወቱ ሼደር እምቢ ካለህ የኖዱን ስክሪንሾት ለጥፈው አብረን እናየዋለን