የደነደነ የሚመስል ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም

እህቴ፣ የ14 ዓመቱ የወንድምሽ ልጅ ሰው ሲያለቅስ እያየ ፊቱ እንኳ እንደማይለወጥ፣ ማታ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር እንደሚበረግግ ጽፈሻል። «ሲፈጠርም ጨካኝ ነው?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔን ያሳሰበኝ መበርገጉ ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም ቤንጃሚን ካርፕማን ገና በ1941 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓይነት ርኅራኄ ማጣት እንዳለ ጽፎ ነበር። አንዱ ከተፈጥሮ የሚመጣ ነው፤ ጭንቀት ብዙም አያውቀውም። ሌላው ግን ከደረሰበት በደል የመጣ ነው፤ ከሥሩ ጭንቀት አለ። በኋላ በወጣቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ደንታ ቢስ ከሚመስሉት መካከል ጭንቀት የበዛባቸው ብዙውን ጊዜ በልጅነታቸው የተደበደቡ ወይም ችላ የተባሉ መሆናቸውን አሳይተዋል። ድንበሩ ሁሌ ጥርት ያለ አይደለም እንጂ።

እስቲ አስቢው። ማልቀስ ሌላ ዱላ በሚያመጣበት ቤት ልጅ ስሜቱን መዝጋት ይማራል። የራሱን ሕመም ሲዘጋ የሌላውም አብሮ ይዘጋበታል።

ደግሞ ይለወጣል። ሩማኒያ፣ ቡካሬስት ውስጥ በሕፃናት ማሳደጊያ የነበሩ ልጆች ከፊሎቹ በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ዓመታት ቆይቶ ሲታይ፣ ቤተሰብ ያገኙት ወንዶች ልጆች ደንታ ቢስነታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ በዱላ አትሞክሩት። ሐኪም ዘንድ ስትወስዱትም ጠባዩን ብቻ አትናገሩ። እንቅልፉን፣ ድንጋጤውን፣ ከዚህ በፊት ቤት ውስጥ የደረሰበትንም ሳትደብቁ ንገሩ።