መልስ፦ ድብቅ የኒውክሌር ሙከራ ከመሬት መንቀጥቀጥ በምን ይለያል?

ሰላም እህቴ። «ጀሞ ድረስ ቤታችንን ያወዛወዘው የፈንታሌ መንቀጥቀጥ የሆነ አገር በድብቅ የሞከረው ኒውክሌር ቢሆንስ? ማን ያውቃል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ስጋትሽ ይገባኛል፤ ያኔ ብዙዎቻችን ደንግጠናል። ግን ይታወቃል።

ፍንዳታ ዙሪያውን ያለውን አለት በአንዴ ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ቀድሞ የሚደርሰው የግፊት ሞገድ ጎልቶ ይታያል፤ መሬቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ተከታዩ ሞገድ ግን ይደክማል። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚፈጠረው አለት በአለት ላይ ሲንሸራተት ስለሆነ ያ ተከታይ ሞገድ ይበረታል። ጥልቀቱም ይናገራል። የሰው ልጅ የቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች የተነሳ ነገር ቦምብ ሊሆን አይችልም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የሆነው ደግሞ አንድ ምት አልነበረም። ቅልጥ አለት ከስምጥ ሸለቆው ስር ሰንጥቆ ሲገባ ሳምንታት የዘለቀ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ነው።

መሣሪያውም ሩቅ አይደለም። እዚያው በእናንተ አቅጣጫ፣ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው ጣቢያ የዓለም አቀፉ የኒውክሌር ሙከራ መቆጣጠሪያ መረብ አካል ነው። ይሄን የሰፈሩ ልጆች ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ሞገዱ ፍንዳታ መሆኑን ይነግርሻል። ኒውክሌር መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ከመሬት ሾልኮ የሚወጣው ዜኖን የተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ ነው። ሰሜን ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ስትሞክር ጉልበቱ 1 ኪሎ ቶን (የአንድ ሺህ ቶን ፈንጂ ያህል) እንኳ አይሞላም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጋዙ ርዝራዥ ካናዳ ውስጥ ተያዘ። አስቸጋሪው፣ ሰፊ ዋሻ ውስጥ የሚደረግ በጣም ትንሽ ሙከራ ነው፤ ዋሻው ሞገዱን ያፍነዋል።