ለመንገድና ለመሮጫ ሜዳ አንድ ጎማ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቶዮታ ጂአር 86 መኪናዬን በየቀኑ ወደ ሥራ እነዳታለሁ፤ በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሰሚት ፖይንት የመኪና መሮጫ ሜዳ እወስዳታለሁ። ጎማዎቿ ስላለቁ ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ በእርስዎ አነዳድ ጥሩ የስፖርት የበጋ ጎማ (ለሞቃት ወራት የተሠራ) ይበቃዎታል ብለን እናምናለን። በጎማው ጎን ላይ «ትሬድዌር» (ጎማው ማለቅን የሚቋቋምበት መለኪያ) ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ፤ 200 አካባቢ የሆነው ባብዛኛው ለስላሳና መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ ሲሆን፣ 300 አካባቢ ያለው ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። ሆኖም ቁጥሩን የሚሰጡት አምራቾቹ ራሳቸው ስለሆኑ የሁለት ኩባንያዎችን ጎማ በእሱ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ለመሮጫ የተሠሩት ጎማዎች ጥርሳቸው ጥልቀት ስለሌለው በከባድ ዝናብ አውራ ጎዳና ላይ ውኃውን በቶሎ አያስወጡም፤ መኪናዋም በውኃው ላይ ትንሳፈፋለች። ይህ በጣም ያሳስበናል፤ ወደ ሥራ የሚሄዱት ዝናብም ሲዘንብ ነውና። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ ስለሚጠጥር ለቀዝቃዛዎቹ ወራት ሌላ ጎማ ያዘጋጁ።

በመሮጫው ጎማው ሲግል የአየር ግፊቱ ስለሚጨምር፣ ተራዎ ደርሶ ነድተው ከሜዳው በወጡ ቁጥር ይለኩና ትርፉን ያስተንፍሱ፤ ወደ ቤት ከመመለስዎ በፊት ግን መልሰው ይሙሉት። በብዙ ጎማዎች ትከሻ ላይ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት አለች፤ ፍትጊያው እሷን አልፎ ወደ ጎን ከወረደ አየሩ አንሷል ማለት ነው።