ጡቱ ለምን አልወጣም?

ጥያቄ፦ የታናሽ እህቴ የጡት ካንሰር አከርካሪዋ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ተሠራጭቷል። ሐኪሟ በኪኒን ጀመረላት። ጡቷን አውጥቶ አጥንቷን በጨረር ቢያክም አይሻልም? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሐኪሟ ችላ አላላትም። ቀዶ ሐኪም ነኝና ቢላዋ ማንሳት ይቀናኛል፤ ማስረጃው ግን እጄን ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት በሽታቸው ከ4 ባልበለጡ ቦታዎች የተሠራጨባቸውን 125 ሕመምተኞች ተከታትሎ ነበር። ከመድኃኒቱ በተጨማሪ በሽታው በተሠራጨባቸው ቦታዎች ላይ ያነጣጠረ ጨረር ወይም ቀዶ ጥገና ቢሰጥም በሽታው ሳይገፋ የቆየበት ጊዜ አልረዘመም። ካንሰሩ ከተሠራጨ በኋላ ጡት ማውጣትም ዕድሜ እንዳልጨመረ በ2020 ሌላ ጥናት አሳይቷል። ጨረሩ ሌላ ሥራ አለው፦ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳት አንዳንዴ አንድ ጊዜ መሰጠቱ ብቻ ያስታግሳል። እግሯ ከዛለ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ጥቁር አንበሳ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።