ተሳቢ ወይስ ባቡር? ለቡሬዋ ተማሪ
ደብረ ማርቆስ ሎጂስቲክስ እየተማርሽ ነው፤ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ። ቡሬ ላይ እህል የሚነግዱት አባትሽ «ተሳቢ ልግዛና አንቺ አስተዳድሪው» ይሉሻል። ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «የመኪና ዘመን አልፏል፣ የባቡር ትምህርት ቀጥዪ» ይልሻል። የማንን ልስማ ብለሽ ጠይቀሻል።

ወንድምሽ በሒሳቡ አልተሳሳተም። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ጎማ አስፋልት ላይ ከሚገጥመው ፍትጊያ ያነሰ ነው የሚገጥመው፣ ያውም በብዙ እጥፍ። ከነተሳቢው 400 ኩንታል፣ ማለትም 40 ቶን፣ የሚጭን መኪና እናስብ። 60 ቶን የያዙ 30 ፉርጎዎችን የሚጎትት አንድ ባቡር የ45 እንደዚህ ያሉ መኪናዎችን ጭነት ባንዴ ይወስዳል። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ደግሞ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሀዲዱ ግን ጎጃም አይደርስም። ለምን እንደሚከብድ ዓባይ በረሃን ስትወርጂ አይተሽዋል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። መኪና በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተም ቢሆን ይወጣዋል። የጭነት ባቡር ግን በ100 ሜትር ርቀት ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ መውጣት ይቸግረዋል። ስለዚህ 1,000 ሜትር ለመውጣት 50 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ይፈልጋል፣ ያውም በአንዱ ወገን ብቻ። የቡሬ በቆሎ ገና ለብዙ ዓመት ጉዞውን የሚጀምረው በመኪና ነው።

እኔ የምመክርሽ ባቡርና መኪና የሚገናኙበትን ሥራ እንድትይዢ ነው። ማዳበሪያን ውሰጂ፦ ከጅቡቲ በባቡርም በመኪናም ይገባል፣ ጎጃም የሚደርሰው ግን በመኪና ነው። ከፉርጎ ወርዶ መኪና ላይ ሲጫን የጫኝና አውራጅ ሂሳብ አለ፣ የሚቀደድ ጆንያ አለ፣ መኪና ሲጠበቅ የሚያልፍ ቀን አለ። ባቡሩ በመንገድ ያተረፈው እዚያ ሊያልቅ ይችላል። ይህን አስቀድሞ አስልቶ መኪናውን በሰዓቱ የሚያቀርብ ሰው ለነጋዴውም ለገበሬውም ያስፈልጋል።

አሁኑኑ ደብተር ያዢ። የአባትሽን እህል የሚያመላልሱትን መኪናዎች አንድ ወር ተከታተዪ፦ ለመጫን ስንት ሰዓት ቆሙ? ለማራገፍስ ስንት ቀን ተሰለፉ? ሲመለሱ ምን ጫኑ? በተለይ የመጨረሻውን አጥብቀሽ ጠይቂ፤ የመኪና ባለቤት ትርፉን የሚያጣው ባዶ ሲመለስ ነው። በበጋ እህል ይዞ የወጣ መኪና ማዳበሪያ ይዞ መመለስ ይችላል፣ አስቀድሞ የሚያገናኘው ካገኘ። ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሚሠራ ትራንዚተር፣ ማለትም የነጋዴውን የጉምሩክ ሰነድ ከሚያስጨርስ ሰው፣ ዘንድ ለልምምድ አመልክቺ። ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም ሰነዱንና ሰዉን ታውቂያለሽ።

የባቡር ማስተርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። አብዛኛው ምህንድስና ስለሆነ የመግቢያ መስፈርቱን ሳታጣሪ ተስፋሽን ሁሉ አትጣዪበት። ተሳቢውን በተመለከተ ግን፣ አባትሽ ብድር ከመፈረማቸው በፊት ያንን ደብተር እስክትጨርሺ እንዲታገሡሽ ለምኛቸው።